የቅንብር ፋይል ፓርሰር ዩኒት ቴስት

የቅንብር ፋይል ፓርሰር ዩኒት ቴስት ማለት የአንድን ፕሮግራም የቅንብር ፋይል አንብቦ የሚተነትነው የኮድ ክፍል፣ ማለትም ፓርሰሩ፣ ከሌላው ኮድ ተነጥሎ የሚፈተሽበት ዘዴ ነው። የቅንብር ፋይል እንደ ቋንቋ ምርጫ፣ የፖርት ቁጥር ወይም የዳታቤዝ አድራሻ ያሉ መረጃዎችን ይይዛል።

በፍተሻው ለፓርሰሩ አጭር ጽሑፍ ይሰጠውና ውጤቱ አስቀድሞ ከሚታወቀው መልስ ጋር ይነጻጸራል። ለምሳሌ «ፖርት = 8080» የሚል መስመር ቢሰጠው 8080 የሚለውን ቁጥር መመለስ አለበት። ባዶ ፋይል፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም እና ፊደል የገባበት ቁጥርም ይሞከራሉ። ግብዓቱ የተሳሳተ ከሆነ ፍተሻው የሚያልፈው ፓርሰሩ ስህተቱን ሲያሳውቅ ነው።

ከሁሉ አስቸጋሪው ምንም መልእክት የማያሳይ ስህተት ነው። «የኖርዌይ ችግር» የሚባለው ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በያምል 1.1 እትም ደንብ፣ በእንግሊዝኛ «አይ» ማለት የሆነው ቃል ያለ ትምህርተ ጥቅስ ከተጻፈ «ሐሰት» ወደሚል ሎጂካዊ ዋጋ ይለወጣል። የኖርዌይ ባለ ሁለት ፊደል የአገር ኮድ ደግሞ አጻጻፉ ከዚሁ ቃል ጋር አንድ ነው። ስለዚህ በአገሮች ዝርዝር ውስጥ በኖርዌይ ቦታ «ሐሰት» ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው 1.2 እትም ይህን ደንብ ቢተወውም፣ የቀድሞውን የሚከተሉ ፓርሰሮች አሁንም ያገለግላሉ።

የፓይተን ኮንፊግፓርሰር በአንጻሩ ዋጋዎችን ሁሉ በጽሑፍነት ይይዛል። «ሐሰት» የሚለው ቃልም ባዶ ጽሑፍ ስላልሆነ፣ በተገቢው መንገድ ካልተለወጠ እንደ «እውነት» ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት ጥሩ ፍተሻ የዋጋውን ዓይነትም ጭምር ያረጋግጣል።