ነፋሱን የሚቀበል ሯጭ

ጫኖ ላይ የአባያ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣብን ከጓደኛ ኋላ ብንሄድ ይቀለናል። በሩጫም እንዲሁ ነው። «አሯሯጭ» የሚባለው ሰው ከፊት ሆኖ ፍጥነት ይጠብቃል፤ ነፋሱንም እሱ ይቀበላል። የተዋዋለበት ኪሎ ሜትር ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ ከመንገዱ ይወጣል። ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሌላ ሩጫ ይሄዳል። ጭብጨባው የሌላ ሰው ነው።

ጥቅምት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በቪየና ከተማ ማራቶንን፣ ማለት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትርን፣ በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ጨረሰ። 41 አሯሯጮች እየተቀያየሩ አጅበውት ነበር። ከነሱ አንዱ የእኛው ሰለሞን ባረጋ ነው። ታዲያ አሯሯጭ የሚሆነው ደካማ ነው እንዳንል፣ ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ የወሰደው እሱ ራሱ ነው።