ተጨማሪ መረጃ፦ ሰሊጥ፣ ጥጥ እና የፊደል ድምፅ

የአማርኛ ፊደል 33 መነሻ ሆሄያት አሉት፤ እያንዳንዱ በ7 መልክ ሲጻፍ 231 ይሆናሉ። ልጆች ገበታውን «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያሉ በዜማ ሊወጡት ይችላሉ፤ ከመካከል አንዱ ተነጥሎ ሲታያቸው ግን የሚቸገሩ አሉ። ፊደሉን ከሚያውቁት ቃል ጋር ማያያዝ የሚበጀው ለዚህ ነው።

ለምሳሌ በመተማ ዮሐንስ ከተማ ዙሪያ ያለ ልጅ ሰሊጥና ጥጥ እያየ ያድጋል። «ሰሊጥ»ን እንነጥለው፦ ሰ – ሊ – ጥ። ግዕዝ (1ኛው መልክ)፣ ሣልስ (3ኛው) እና ሳድስ (6ኛው) በአንድ ቃል ተገኙ። በ«ጥጥ» ውስጥ ደግሞ አንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ከአጭር አናባቢ ጋር ይነበባል፣ ሁለተኛው ያለ አናባቢ ይዘጋል። ሳድስ እነዚህ ሁለት ባሕርያት ስላሉት ጀማሪ አንባቢን ያደናግራል።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት የመተማ ዮሐንስ ስምም ያስተምራል። በ«ዮሐንስ» ውስጥ ያለው ሐ ዛሬ ከሀ እና ከኀ ጋር በድምፅ አንድ ነው። ስለዚህ ድምፁን በጆሮ፣ ቅርጹን በዓይን ማስለመድ ያስፈልጋል።

መምህራንና ወላጆች፦ ልጁ የቃሉን ክፍሎች በጭብጨባ ይቁጠር፣ ድምፁን ይለይ፣ ከዚያም ፊደሉን ይጻፍ።