እውነት ወይስ ተረት? ግማሽ ኢንች ያልሆነው «ግማሽ ኢንች»

ቃሊቲ መንገድ ዳር ካሉት የግንባታ ዕቃ ሱቆች ገብቶ የግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ የገዛ ሰው፣ ቤቱ ሲደርስ ቢለካው ይደነግጣል። ውጩ 21.3 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይሆንበታል። ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ታዲያ ተሳስተው ሸጡለት?

የለም፣ ተረት ነው። ድሮ የብረት ቧንቧ ግድግዳው ወፍራም ስለነበር ቀዳዳው በእርግጥም ግማሽ ኢንች ገደማ ነበር። ብረቱ እየጠነከረ ግድግዳው ሲሳሳ ቀዳዳው ሰፋ። ውጩን መቀነስ ግን አልተቻለም፤ ጥርሱ ከቀድሞዎቹ መገጣጠሚያዎች (ጎሚቶና ማኒኮቶ) ጋር መግጠም አለበትና። ስለዚህ ስሙ እንዳለ ቀረ። እኔ ይህን ትልቅ ብልሃት እለዋለሁ፤ ዛሬ የተገዛው ቧንቧ ከአሮጌው ጋር ያለ ችግር የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

«ኢንች የአንድ ንጉሥ አውራ ጣት ነው» የሚባለውስ? ግማሹ እውነት ነው። መነሻው የአውራ ጣት ስፋት መሆኑ አያጠራጥርም፤ የማን ጣት እንደሆነ የሚነገረው ግን ወሬ ነው። የእኛም ክንድ ከሰው አካል የተወሰደ ነው፤ ጨርቅ ሲገዛ ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ መሄድ ያዋጣል የሚባለውም ለዚህ ነው። ኢንች ከ1959 እ.ኤ.አ. ወዲህ የማንም ጣት አይደለም፤ ልክ 25.4 ሚሊ ሜትር ነው።

ሲሚንቶ ላይም አንድ ስህተት አለ። ከረጢቱ ኩንታል አይደለም፤ 50 ኪሎ ነው። ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ ዋጋ ስትጠይቁ የኩንታሉ ነው ወይስ የከረጢቱ በሉ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ፌሮ ነው። «ባለ 12 ሁሉ ያው ነው» ይባላል፤ አይደለም። 12 ቁጥሩ የውፍረቱ ሚሊ ሜትር ነው፤ የቤርጋው ርዝመትም 12 ሜትር ስለሆነ ብዙዎች ሁለቱን ያምታታሉ። ፌሮው ጎርበጥባጣ ስለሆነ ውፍረቱን በካሊፐር በትክክል መለካት ያስቸግራል፤ ሚዛን ግን ይናገራል። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ፌሮ 10.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጥቂት ግራም ቢጎድል የፋብሪካ ልዩነት ነው፤ 9 ኪሎ ከመዘነ ግን በእጃችሁ ያለው ባለ 11 ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ከብረቱ 16 በመቶ ያህሉ የለም ማለት ነው፤ በምሰሶው ውስጥ ብረቱ የሚሸከመውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጭነቱ ከሱቁ ሳይወጣ አንዱን ቤርጋ አስመዝኑ።