የሰርግ እንግዳ አልጋ፦ የሚያከስረው ዋጋው ሳይሆን ውሉ ነው

በአዲስ አበባ የአልጋ ገበያ ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ይሞቃል። በጾም ወራት ሥርዓተ ተክሊል ስለማይፈጸም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ የሆነው ደጋሽ ሁሉ ለዚያች አጭር ወቅት ይሽቀዳደማል። አዳራሹ፣ ዲኮሩና ቪዲዮ ቀራጩ ከወራት በፊት ይያዛሉ። ከአሜሪካ፣ ከዓረብ አገርና ከክፍለ አገር የሚመጣው እንግዳ የት እንደሚያድር የሚታሰበው ግን ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። በዚህም የተነሳ በበሬና በመጠጥ ግዢ ተከራክሮ ያተረፈውን ገንዘብ በአልጋ ሒሳብ የሚያስረክብ ደጋሽ ጥቂት አይደለም።

ቀድሞ እንግዳ የሚያድረው በዘመድና በጎረቤት ቤት ተከፋፍሎ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ቤተሰብ የሚኖረው በኮንዶሚኒየምና በአፓርታማ በመሆኑ ፍራሽ ዘርግቶ ሃያ ሰው ማሳደር አይቻልም። ከውጭ የሚመጣው ዘመድም የራሱን ክፍል ይፈልጋል። ስለዚህ አልጋ የድግሱ አንድ ትልቅ ወጪ ሆኗል።

አጭር ወቅት፣ ብዙ ፈላጊ

ወቅቱ በየዓመቱ እኩል አለመሆኑን ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ቀን በመሆኑ ከጥምቀት በኋላ ሰባት ሙሉ ቅዳሜና እሑዶች ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ጾሙ የካቲት 17 ቀን ሲገባ ቁጥሩ ወደ አምስት ወረደ። በ2018 ዓ.ም. የጾሙ መግቢያ የካቲት 9 ቀን ስለዋለ አራት ብቻ ቀሩ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ቀን በመሆኑ ቁጥሩ ተመልሶ ሰባት ይሆናል። ቅዳሜና እሑዶቹ ሲያንሱ ያው ሰርግ በጥቂት ቀናት ላይ ይደራረባል፤ የደጋሹም የመደራደር አቅም አብሮ ይቀንሳል።

በዚህ ላይ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ አለ። በ2016 ዓ.ም. ጉባኤው የካቲት 9 እና 10፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት 8 እና 9 ተካሂዷል። ሁለቱም ጊዜ የዋለው በሰርጉ ወቅት መካከል፣ ቅዳሜና እሑድ ላይ ነው። የሚኒስትሮቹ ስብሰባ ከመሪዎቹ አስቀድሞ ስለሚጀመር ልዑካኑ በከተማው የሚሰነብቱት ከሁለት ቀን በላይ ነው። በ1990 ዓ.ም. ሸራተን ሲከፈት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር የከተማዋ የአልጋ ብዛት እጅግ አድጓል። የአየር መንገዱ ስካይላይት ሆቴል እንኳ በ2011 ዓ.ም. በ373 ክፍሎች ተከፍቶ በማስፋፊያው ከ1,000 በላይ አድርሷል። ይሁንና በጉባኤው ሳምንት በቦሌ፣ በካዛንቺስና በመስቀል አደባባይ ዙሪያ አልጋ እንደ ልብ አይገኝም፤ መንገድም ይዘጋል። ሰርጉን በዚያ ሳምንት ያደረገ ሰው ከዲፕሎማት ጋር እየተጫረተ መሆኑን ማወቅ አለበት።

የተነገረውና የሚከፈለው

ደጋሹ በስልክ የሚነገረው ዋጋ ብዙ ጊዜ «ፕላስ ፕላስ» የሚባለው ነው። በዚህ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩም ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ለምሳሌ 5,000 ብር የተባለ ክፍል 5,500፣ ከዚያም 6,325 ብር ይሆናል። ለሰርግ፣ ለመልስና ለመሸኛ ተብሎ 20 ክፍል ለሦስት ሌሊት ቢያዝ ደጋሹ 300,000 ብር ብሎ ያሰበው ሒሳብ 379,500 ብር ይደርሳል። በአንጻሩ ሁሉን አካቶ 5,800 ብር የጠየቀ ሌላ ሆቴል ሲሰሙት ውድ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን 348,000 ብር ነው። ስለዚህ ዋጋ የሚነጻጸረው ከነታክሱ፣ ቁርስ መኖር አለመኖሩም ተጠይቆ ነው።

ከዚህ የከፋው ኪሳራ የሚመጣው ከባዶ አልጋ ነው። ሆቴሉ 20 ክፍል ሲይዝ ቀብድ ይቀበላል፤ የቀረውንም ደጋሹ እንደሚከፍል ያስፈርማል። ከእንግዶቹ ስድስቱ ዘመድ ቤት ቢያድሩ ወይም ቪዛና ፈቃድ አጥተው ቢቀሩ፣ ከላይ በተጠቀሰው ዋጋ 113,850 ብር ማንም ላልተኛበት አልጋ ይከፈላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እስከ የትኛው ቀን ድረስ ስንት ክፍል ያለ ቅጣት መመለስ እንደሚቻል በውሉ ውስጥ ማስፈር ነው። አስተዋይ ደጋሽ በርግጠኝነት የሚመጡትን ብቻ በራሱ ስም ይይዛል። ለቀሩት ሆቴሉ እስከ ተወሰነ ቀን ክፍል እንዲያቆይና እንግዶቹ በየራሳቸው ስም እንዲከፍሉ ይዋዋላል።

ውሉ በሆቴሉም በኩል ማሰር አለበት። የተሻለ ከፋይ ሲመጣ ሰርገኛውን ወደ ሌላ ቤት ማዛወር በጉባኤ ሰሞን የሚያጓጓ ነገር ነው። ሆቴሉ የያዘውን ክፍል ካልሰጠ በዚያው ደረጃ ያለ አልጋ በራሱ ወጪ እንዲያቀርብ፣ ትራንስፖርቱንም እንዲችል የሚል አንቀጽ የሌለበት ውል ለደጋሹ ዋስትና አይሆንም።

ሌላው የገንዘቡ ዓይነት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ሰሞን በዶላር ተዋውሎ በብር ለመክፈል ያሰበ ሰው ምን እንደደረሰበት መገመት አያዳግትም። የውጭ ፓስፖርት ለያዘ እንግዳ በዶላር የሚተምኑ ሆቴሎች ስላሉ፣ ዋጋው በምን ገንዘብ እንደሆነና በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላ አስቀድሞ መጻፍ ይገባዋል።

ለማን የትኛው?

በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ምደባ ለሆቴሎች የተሰጠው ኮከብ ስለ ቤቱ ደረጃ ይናገራል፤ ለሰርገኛ ተስማሚ ስለመሆኑ ግን አይናገርም። ከክፍለ አገር ለመጡ አባቶችና እናቶች ሊፍት ያለው ወይም ምድር ቤት ክፍል የሚሰጥ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ቁርስ የሚያቀርብ ንጹሕ ፔንሲዮን ከባለ አምስት ኮከቡ ይበልጥ ይመቻቸዋል። ልጆች ይዞ ከውጭ ለመጣ ቤተሰብ ደግሞ ዕቃው የተሟላ ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ ከሦስት የሆቴል ክፍል ይረክሳል። ይሁን እንጂ በደላላ የሚገኝ አፓርታማ ደረሰኝ፣ የውኃ ሮቶና ጄኔሬተር እንዳለው ሳይታይ ቀብድ ሊከፈልበት አይገባም። የደላላው ኮሚሽን ከማን እንደሚወሰድም ቀድሞ መታወቅ አለበት።

ርቀትም ገንዘብ ነው። አዳራሹ ሲ.ኤም.ሲ. ሆኖ እንግዳው ፒያሳ ቢያድር በአልጋ የተረፈው ብር በሚኒባስ ኪራይ ይሄዳል፤ ሰዓቱም በመንገድ ላይ ያልቃል። ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ድግሱ የሚደረግበት ሆቴል ራሱ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም አዳራሹንና አልጋውን በአንድ ጊዜ የሚደራደር ሰው የሙሽሮቹን ክፍል በነፃ፣ የእንግዶቹንም በቅናሽ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። አዳራሹን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ስለ አልጋ የሚጠይቅ ግን የመደራደሪያውን ካርድ አስቀድሞ ጥሏል።

ለሆቴልና ለፔንሲዮን ባለቤቶችም ነገሩ የሚታሰብበት ነው። የጉባኤ እንግዳ የሚመጣው በዓመት አንድ ሳምንት ነው። ሰርገኛው ግን ለመልስ፣ ለክርስትናና ለሌላው ልጅ ሰርግ ይመለሳል። ዋጋውን ከነታክሱ ተናግሮ በውሉ የጸና ቤት በሚቀጥለው ጥር ደንበኛ ፍለጋ አይወጣም። ደጋሹም ቢሆን ካርዱን ከማሳተሙ በፊት የሚይዘው አልጋ፣ ካርዱን ከበተነ በኋላ ከሚይዘው እንደሚረክስ ሊረሳ አይገባም።