ዛንዚባር ከአያቶችና ከልጅ ልጆች ጋር፦ ለአምስት ቀን ሽርሽር የሁለት ወር ዝግጅት

ልጆች ሥራ ይዘው ራሳቸውን ሲችሉ፣ ወይም ከውጭ አገር ለእረፍት ሲመጡ፣ ለወላጆቻቸው ከሚያስቡት ስጦታ አንዱ የባሕር ዳርቻ ሽርሽር ሆኗል። አገራችን የባሕር በር የላትም። ብዙዎቻችን ስድሳና ሰባ ዓመት ኖረን ውቅያኖስን የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ “ዘንድሮ ዛንዚባር እንወስዳችኋለን” የሚል ግብዣ ሲመጣ ደስ ይላል። የጉዞ ወኪሎችም “አራት ሌሊት፣ አምስት ቀን፣ ከአስጎብኚ ጋር” እያሉ ሁሉንም በአንድ ዋጋ ጠቅልለው ያቀርባሉ።

ለረጅም ዓመታት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ አያት ነኝ። ለጉዞ የሚዘጋጁ ቤተሰቦች ሲያማክሩኝ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ጉዞው መታቀድ ያለበት በሆቴሉ ፎቶግራፍ ወይም በዋጋው ሳይሆን፣ ከቤተሰቡ መካከል እግሩ በሚዘገየው፣ መድኃኒት በሚውጠውና ገና ዳዴ በሚለው ሰው ልክ ነው። ጎረምሳው የትም ይደርሳል። ፕሮግራሙ ለእሱ ተሠርቶ አያት በረንዳ ላይ ቦርሳ ሲጠብቁ የሚውሉ ከሆነ፣ ግብዣው ለማን ነበር ያሰኛል።

መጀመሪያ ይጠየቁ

የእኛ አገር ሽማግሌ ምን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ አይናገርም። “እማዬ፣ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?” ሲባሉ “እናንተ ደስ ካላችሁ ለእኔ ይበቃኛል” ይላሉ። መልሱ ከትሕትና የመጣ እንጂ ፍላጎት ስለሌላቸው አይደለም። ስለዚህ ምርጫ ሰጥታችሁ ጠይቁ። “የቅመም እርሻው ይሻልሻል ወይስ ትልልቆቹ ኤሊዎች?” ስትሏቸው መልሱ ይመጣል። “ደረጃ ስንት ትወጫለሽ? ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሻለሽ?” የሚለውም አብሮ ይጠየቅ። ሆቴል የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው።

መቼ ይሻላል?

ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ስትሆን፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ትገኛለች። ጎብኚ የሚበዛበት ትልቁ ደሴት ኡንጉጃ ይባላል። ዋናው ዝናብ ከማርች እስከ ሜይ ይጥላል፤ በኖቬምበር አካባቢም አጭር ዝናብ አለ። ከጁን እስከ ኦክቶበር ደረቅና ነፋሻማ ነው።

ይህ ለእኛ ይመቻል። እዚህ ክረምቱ ከብዶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እዚያ በጋ ነው። ነገር ግን የፍልሰታን ጾም በሱባኤ የሚያሳልፉ እናቶችን ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባሕር ዳር ውሰዱ አልልም። ሐምሌ ወይም ከነሐሴ 16 በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል። ወቅቱ የአውሮፓ ጎብኚም የሚበዛበት ስለሆነ ክፍሉ በሁለትና ሦስት ወር ቀድሞ መያዝ አለበት። የደሴቱ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። በረመዳን ቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት ነውር በመሆኑ፣ ትንንሽ ልጆችና የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ይህንንም አስቀድሞ ያስብበት።

ቅድመ ክፍያ ከመስጠት በፊት

ወኪሉን የሚከተለውን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

በረራው ቀጥታ ነው ወይስ በመንገድ ላይ ያርፋል? ቀጥታ ከሆነ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው? ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቤቶቹ ያማሩ ናቸው፤ ደረጃቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። መንገዶቹ ጠባብ ስለሆኑም ብዙ ቦታ መኪና በር ድረስ አይገባም። ጉልበት የሚያማቸው ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢያርፉ ሽርሽሩ እዚያው ያልቃል።

ምሳ ስንት ሰዓት ነው? መጸዳጃ ቤትስ በየስንት ሰዓቱ ይገኛል? ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የወሰደ ሰው የጀልባው ጉዞ ዘግይቶ ምሳ ካለፈው ስኳሩ ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና መወላገድ ከታየ ቶሎ ጣፋጭ ነገር መስጠት ያስፈልጋል። ተምር፣ ከረሜላ ወይም ጁስ ከእጅ ቦርሳ አይለይ። መጸዳጃውን የምጠይቀው ደግሞ ብዙ አዛውንቶች ሰው ላለማስቸገር ብለው ቀኑን ሙሉ ውሃ ስለማይጠጡ ነው። በዚያ ሙቀት ይህ አደገኛ ነው።

ፕሮግራሙ የሚነገረው በየትኛው ሰዓት ነው? የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ነው። “ሳ ሞጃ” ማለት የእኛው አንድ ሰዓት ነው። ወረቀት ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው። አያቶች ከአስጎብኚው ጋር ቶሎ ይግባባሉ፤ መኪናው እንዳያመልጣችሁ ግን የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ወረቀትና ክትባት

ለፓስፖርታችሁ የሚያስፈልገውን የቪዛ ዓይነት ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከታንዛኒያ ኤምባሲ ጠይቁ። ከአሜሪካ የሚመጡ የልጅ ልጆች በአሜሪካ ፓስፖርት የሚገቡ ከሆነ ክፍያቸው 100 ዶላር ነው። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ የደሴቱን የጉዞ መድን መግዛት ግዴታው ሆኗል፤ ሲጀመር ለአዋቂ 44 ዶላር ነበር። በወኪሉ ዋጋ ውስጥ መካተት አለመካተቱን ጠይቁ።

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ አይጠቅምም። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርድ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ስለዚህ አሮጌውን ካርድ ከመሳቢያ ፈልጉት። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ከ9 ወር በታች ላለ ሕፃን ክትባቱ በመደበኛነት አይሰጥም። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተቡ ሰዎች ላይ ደግሞ አልፎ አልፎ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ሐኪም ሳያማክሩ አይወሰድ። ሐኪሙ አይስማማቸውም ካለ ይህንን በካርዱ ላይ የሚጽፍበት ቦታ አለ። ተቀባይነቱንም ከኤምባሲው አረጋግጡ።

ሌላም ትንሽ ነገር አለች። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። ጫማውንና ዳቦ ቆሎውን በፌስታል የመቋጠር ልማዳችንን እቤት እንተወው፤ የጨርቅ ከረጢት ይዘን እንሂድ።

መድኃኒትና ሙቀት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። ዛንዚባር ስንወርድ የሚቀበለን እርጥበት ያለው ከባድ ሙቀት ነው። ሙቀት የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ግፊት ይወርዳል። የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በላብ ሌላ ውሃ ሲያጣ ከተቀመጠበት ሲነሳ ሊዞርበት፣ ሊወድቅም ይችላል። መድኃኒቱን ግን በራስ ፈቃድ ማቆም ሌላ አደጋ ነው። ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ሐኪሙን አግኝታችሁ “ሙቅ አገር እሄዳለሁ” በሉት። እሱ መጠኑን ያስተካክላል፣ ወይም እንዳለ ይቀጥል ይላል።

መድኃኒት በሙሉ በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባው ውስጥ አይቀመጥ። ከነካርቶኑና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይሁን፤ ለአምስት ቀን ጉዞ የአሥር ቀን ይያዝ። በተለይ ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች ያለ ማዘዣ ድንበር ላይ ችግር ያመጣሉ። ኢንሱሊን በመኪና ውስጥ ወይም በአሸዋ ላይ አይተው። ሆቴሉ ማቀዝቀዣ እንዳለው ጠይቁ፤ ነገር ግን በረዶ ከነካው ስለሚበላሽ ማቀዝቀዣው ጥግ አጠገብ አታስቀምጡት። “ለምለም” የተባለውን ንጥረ ነገር ከአገር ቤት ያዙ። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። የሚጠጣው ውሃ የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን።

የዛንዚባር የኤሌክትሪክ ሶኬት ሦስት ቀዳዳ ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ስለሆነ የግፊት መለኪያውንና ስልኩን ለመሰካት አስማሚ ያስፈልጋል።

ባሕሩ

በሰሜን በኩል ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ውሃቸው ብዙም አይሸሽም። በምሥራቅ ያሉት ፓጄና ጃምቢያኒ ግን ውሃው ሲሸሽ እጅግ ይርቃል፤ ያኔ መዋኘት አይቻልም። ባዶ በቀረው ወለል ላይ ስለታም ኮራልና ጥቁር መርፌ የመሰለ እሾህ ያለው የባሕር ፍጥረት አለ። የስኳር ሕመምተኛ እግር ቁስልን ላያውቀው ስለሚችል በባዶ እግር አሸዋ ላይ መሄድ የለበትም፤ አሸዋው ራሱ ያቃጥላል። ከውሃ የማይወልቅ የጎማ ጫማ ግዙላቸው፤ ማታ ማታም እግራቸውን እዩ።

ስለ ልጆች ደግሞ ወላጆች ይህን ይያዙልኝ። እየሰጠመ ያለ ልጅ አይጮኽም፤ እጁንም አያውለበልብም። ዝም ብሎ ይወርዳል። “ሁላችንም እያየነው ነው” ማለት ማንም አያየውም ማለት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ዋናተኛ አዋቂ ስልኩን አስቀምጦ፣ ከልጁ በክንድ ርቀት ውሃ ውስጥ ይቁም። በአየር የተሞላ ጎማ አሻንጉሊት ነው፤ ጠባቂ ሊሆን አይችልም። ጀልባ ስትሳፈሩ በልጁ ልክ የተሠራ የሕይወት ጃኬት ከሌለ አትሂዱ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ ትጓዝ የነበረች ከመጠን በላይ የጫነች መርከብ ሰጥማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። “ቦታ አለ፣ ግቡ” ሲባል “ቀጣዩን እንጠብቃለን” ማለት አያሳፍርም።

አምስቱ ቀን እንዴት ይዋል?

አንድ ሆቴል ይበቃል፤ በየሌሊቱ ሻንጣ ማሰርና መፍታት አዛውንትን ይሰብራል። የመጀመሪያው ቀን የእረፍት ነው። ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ጉብኝት፣ ጠዋት ብቻ፤ ፀሐይ ከመጠንከሯ በፊት ወደ ሆቴል መመለስ። ከሰዓት እንቅልፍ፣ አመሻሽ ላይ ባሕር።

ሁለተኛው ቀን የስቶን ታውን ይሁን። በአሮጌው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ የተሠራው የአንግሊካን ካቴድራል እዚያ አለ። ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ለልጆች ታሪኩን ንገሯቸው። ሰዎች ታጉረውባቸው ነበር የሚባሉት ከመሬት በታች ያሉ ክፍሎች ግን ዝቅ ያሉና የታፈኑ ስለሆኑ አስም ያለባቸው ውጭ ይቆዩ። ለካቴድራሉም ለከተማውም ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ።

ሦስተኛው ቀን የቅመም እርሻ። ዕድሜ ልካቸውን ቅመም ሲያዘጋጁ የኖሩ እናት ቅርንፉድ ገና ያልፈካ የአበባ እምቡጥ መሆኑን ከዛፉ ላይ ሲያዩ፣ ቀረፋም ከግንዱ ሲላጥ ሲያሸቱ፣ በዚያ ቀን አስተማሪዋ እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጆቹን አጠገባቸው አድርጉ። አራተኛው ቀን ግዙፎቹ ኤሊዎች ያሉበት ቻንጉ ደሴት፣ ወይም ቀይ ኮሎበስ ጦጣዎች ያሉበት የጆዛኒ ጫካ። ቻንጉ በጀልባ የሚኬድበት ሲሆን ከጀልባ ሲወረድ ውሃ ውስጥ መርገጥ ስለሚኖር፣ ጉልበት ለሚያማቸው ጆዛኒ ይቀላል። አምስተኛው ቀን መመለሻ ነው።

ምግቡ ለጿሚ አያስቸግርም። ባቄላውም አትክልቱም በኮኮናት ወተት ይሠራል። ሥጋና ቅቤ እንዳይገባበት ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ወባና ከተመለሱ በኋላ ያለው ወር

ዛንዚባር ወባን በእጅጉ ቀንሳለች፤ አላጠፋችም። ደጋ ላይ የኖረ ሰው ደግሞ ለወባ የተዘጋጀ ሰውነት የለውም። የመከላከያውን መድኃኒት ሐኪም ይዘዝ። አንዳንዱ ከጉዞው በፊት አንድና ሁለት ቀን፣ ሌላው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጀመራል፤ እንደ ዓይነቱ ከተመለሱ በኋላም ለ7 ቀን ወይም ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። “ተመልሻለሁ እኮ” ብሎ ማቋረጥ ትርፉ ሕመም ነው። አጎበር፣ ትንኝ የሚያባርር ቅባትና አመሻሽ ላይ እጅጌ ያለው ልብስም አይቅሩ።

ወባ ከተነከሱ በኋላ እስኪታይ ቢያንስ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚወስድ፣ በአምስት ቀን ሽርሽር የተያዘ ሰው የሚታመመው እቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ያኔ ሁሉም “ጉንፋን ነው፣ የመንገድ ድካም ነው” ይላል። ከተመለሳችሁ በአንድ ወር ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ፣ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ሂዱ፤ ሳትጠየቁም “ዛንዚባር ነበርኩ” በሉ። የደም ምርመራ የሚታዘዘው ይህ ከተሰማ ነው። በአካባቢው ዴንጊ የሚባል ሌላ ትኩሳትም ስላለ፣ እስክትመረመሩ ድረስ ከፓራሲታሞል በስተቀር አይቡፕሮፌንም ሆነ ለማስታገሻ ብላችሁ አስፒሪን አትውሰዱ። ለልብ በሐኪም የታዘዘ አስፒሪን ያለው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ።

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይባላል። የቤተሰቡን ስብሰባ ዛሬ አድርጉ፤ የአያትን የመድኃኒት ዝርዝርና የሁሉንም የክትባት ካርድ ጠረጴዛው ላይ አውጡ። ወኪሉ ጋ የሚደወለው ከዚያ በኋላ ነው።