የደከመን ሞተር በጉልበተኛ ሞተር መተካት፦ በጎጃም ደጋ መንገዶች ምን ያስገኛል? ምንስ ጥንቃቄ ይሻል?

ደብረ ማርቆስ፦ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮም ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። በዚህ ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩ እስኪበርድ የቆመ ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ማየት ለመንገደኛው እንግዳ አይደለም። አንዳንዱ ጥቂት አርፎ ጉዞውን ይቀጥላል፤ አንዳንዱ ግን ቴስታታው ተሰንጥቆ ወይም ፒስተኑ ነክሶ ተጎትቶ ይመለሳል።

ያን ጊዜ ባለንብረቱ የተበላሸውን ሞተር አውርዶ ማሳደስ፣ አሊያም የበለጠ ጉልበት ያለው ሌላ ሞተር ማስገጠም ከሚሉት አንዱን ይመርጣል። ተሽከርካሪውን ሸጦ ሌላ መግዛት ለብዙዎች አዳጋች ሆኗል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በመሆኑም ጤፍና ድንች ከገጠር ገበያ ወደ ከተማ የሚያደርሱት፣ ገበያተኛውንም የሚያመላልሱት አሮጌ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው እንዲረዝም ግድ ነው።

ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ በፋብሪካ እንደተሠሩ አይደሉም። ለዕቃ ማመላለሻ የተሠራ የቶዮታ ሃይስ ቫን መስኮትና ወንበር ተበጅቶለት ሕዝብ ያጓጉዛል፤ የሃይሉክስ ፒክአፕም ባሌስትራ ተደርቦለት፣ ፖርቶመጋላ ተሠርቶለት ከመጠኑ በላይ ይጭናል። ክብደቱ ጨምሮ ሞተሩ ግን የቀድሞው በመሆኑ ዳገት ላይ ይደክማል።

በእነዚህ የቶዮታ ምርቶች ላይ የተለመዱት የናፍጣ ሞተሮች 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ይባላሉ። ሦስቱም ባለ አራት ሲሊንደርና የአንድ ቤተሰብ ናቸው። የ2ኤል ይዘት 2 ሺህ 446፣ የ3ኤል 2 ሺህ 779፣ የ5ኤል ደግሞ 2 ሺህ 986 ሲሲ ነው። አሠራራቸው ስለሚቀራረብ 2ኤልን አውርዶ 5ኤል መግጠም ከሌላ ዓይነት ሞተር ይልቅ ይቀላል።

ይሁን እንጂ የሚገኘው ትርፍ ባለንብረቱ የሚያስበውን ያህል ላይሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ከፍታው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ይልቅ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ይሳሳል። ሞተር ናፍጣን የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ልክ በመሆኑ ጉልበቱ አብሮ ይቀንሳል። 5ኤል ከ2ኤል የሚበልጠው በ22 በመቶ ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚሠራ 5ኤል፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚሠራ 2ኤል የበለጠ አየር አያገኝም። በሌላ አነጋገር ትልቁ ሞተር ከፍታው የወሰደውን ይመልሳል እንጂ ተጨማሪ ኩንታል ለመጫን ፈቃድ አይሆንም። ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ወደ ረቡዕ ገበያ አቅጣጫ ሲወጣ ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል።

ቱርቦ ያለው ሞተር ስስ አየርን አምቆ ስለሚያስገባ በከፍታ የሚያጣው ጉልበት አነስተኛ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ ይበዛል፤ ንጹሕ ዘይትና ብርቱ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ዲፎርዲ የሚባሉት ዘመናዊ ሞተሮችም ያለ ራሳቸው ኮምፒውተርና የኤሌክትሪክ መስመር አይሠሩም። የብልሽት መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ በቅርብ ከሌለ የአንድ ትንሽ ሴንሰር ብልሽት ተሽከርካሪውን ሊያቆመው ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን የቀድሞው ሞተር ለምን እንደተበላሸ ማወቅ ይገባል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ይህን መፍያ ነጥብ ከፍ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ሲሆን፣ ስፕሪንጉ ሲላላ ውኃው ቶሎ ይፈላል። የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋና የሚያንጠባጥብ ቱቦም ሙቀትን ያባብሳሉ። ሙቀት ይቀንሳል በሚል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ቢሆንም፣ በደጋው ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ በቶሎ እንዲያልቅ ያደርገዋል። እነዚህ ሳይስተካከሉ የሚገጠም አዲስ ሞተር የቀድሞው ዕጣ ይደርሰዋል።

ጉልበት ሲጨምር ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ያንን ጉልበት መሸከም አለባቸው። ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ግን ፍሬኑ ነው። በእነዚህ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ፍሬኑን የሚያግዘውን ቫክዩም የሚፈጥረው ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተያያዘ ነው። ሞተር ሲቀየር ፓምፕ የሌለው ዲናሞ ቢገጠም ወይም ቱቦው ቢዘነጋ፣ አሽከርካሪው ፔዳሉን በሙሉ ኃይሉ ቢረግጥም ተሽከርካሪው በቀላሉ አይቆምለትም። የከፍታው ስስ አየርም የቫክዩሙን እገዛ ያሳንሳል። ናፍጣ ለመቆጠብ ሲባል የዓባይን ቁልቁለት በፎሌ መውረድም የሞተሩን የመያዝ ኃይል ያሳጣል፤ የፍሬን ሸራውንም ያግለዋል። ከደጀን የሚወርድ ተሽከርካሪ በከባድ ማርሽ ቢወርድ ነው የሚሻለው፤ ለመውጣት የተጨመረው ጉልበት ለመቆም የሚያስፈልገውን አይተካምና።

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው፣ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ይሁን በአቅራቢያው ከተማ፣ ሞተሩ የአራቱም ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን ተለክቶ እንዲያሳዩት መጠየቅ ይኖርበታል። በዘይት መሙያ ክዳኑ ሥር ወተት መሰል ነገር ከታየ ውኃ ከዘይት ጋር መቀላቀሉን ያመለክታል። የታይሚንግ ቺንጋውን ከመግጠም በፊት መቀየርም ያዋጣል፤ በጉዞ ላይ ቢበጠስ ቫልቮቹን ያጣምማል።

የሕግ ጉዳይም አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች የሚመዘገቡበት ሕግ ነው። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር በሊብሬው ላይ ስለሚሰፍር፣ የተቀየረውን ሞተር ለመዘገበው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅና ሊብሬውን ማስተካከል ያስፈልጋል። ለዚህም የግዥ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን መያዝ ይገባል። ቁጥሩ ሳይስተካከል የሚሠራ ተሽከርካሪ በዓመታዊ ምርመራ፣ በሽያጭም ሆነ አደጋ ሲደርስ ባለንብረቱን ለችግር ይዳርገዋል። በሊብሬው የተጻፈው የጭነትና የሰው ልክም ሞተር በመቀየሩ አይጨምርም።

ሥራውን ለማከናወን የሚመረጠው ጊዜ ክረምቱ ነው፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ የመኸሩ ምርት ከመድረሱ በፊት። ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያ ያለ ጭነት፣ ቀጥሎ በግማሽ ጭነት በአቅራቢያ መንገድ መሞከር፣ የፍሬኑንና የሙቀቱን ሁኔታ ማረጋገጥ ይገባል። የዓባይ በረሃ ጉዞ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።