ዛፎቿ ደም የሚያነቡ ደሴት

የሶኮትራን ዲክሳም አምባ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ዓይኑን ይጠራጠራል። በድንጋያማው ሜዳ ላይ የቆሙት ዛፎች ንፋስ የገለበጣቸው ጃንጥላዎች ይመስላሉ። ግንዳቸው ቅርንጫፍ ሳያወጣ ቀጥ ብሎ ያድግና አናቱ ላይ ይከፈላል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆኑ ወደ ላይ ይዘረጋሉ፤ ከላይ ሰይፍ መሳይ ቅጠል ጥቅጥቅ ብሎ ይደፋባቸዋል። ግንዱን በቢላ ጫር ሲያደርጉት ጥቁር ቀይ ሙጫ ያዣል፤ ሲደርቅም እንደ ዕንባ ዘለላ ጠጥሮ ይቀራል። ዓለም ለዘመናት “የዘንዶ ደም” እያለ ሲገዛው የኖረው ይህንኑ ሙጫ ነው። ነጋዴ ለቀለምና ለመድኃኒት ይፈልገዋል። የደሴቲቱ ሴቶች የሸክላ ዕቃቸውን ያስጌጡበታል፤ ቁስልና የሆድ ሕመምም ይታከሙበታል።

ሶኮትራ የየመን ግዛት ብትሆንም ለአፍሪካ ቀንድ ትቀርባለች። ከሶማሊያ ጫፍ 240 ኪሎ ሜትር፣ ከዐረብ ምድር ደግሞ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ተሰንጥቆ ሲከፈት ከዐረብ ምድር ተገንጥላ ብቻዋን ቀረች። እዚያ የቀሩት ዕፅዋትና እንስሳት ከዋናው ምድር ዘመዶቻቸው ጋር ሳይደባለቁ በራሳቸው መንገድ ተለወጡ። ዩኔስኮ ደሴቲቱንና ትናንሽ ጎረቤቶቿን እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በመዝገቡ ያሰፈረው ቁጥር ያስደንቃል፦ ከ825 የዕፅዋት ዝርያዎች 37 በመቶው፣ በደረታቸው ከሚሳቡት እንስሳት 90 በመቶው፣ ከየብስ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ 95 በመቶው በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም።

የዘንዶ ደም ዛፍ ቅርፁን ያገኘው ከውኃ ጥም ነው። በከፍታው ላይ ዝናብ ቢያጥርም ጉም አይጠፋም። ወደ ላይ የቆሙት ቅጠሎች የጉሙን እርጥበት ይይዛሉ፤ ውኃው በቅጠሉ፣ ቀጥሎም በቅርንጫፉና በግንዱ እየወረደ ወደ ሥሩ ይደርሳል። ጥላው ደግሞ መሬቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ይከላከላል። ዛፉ ቢቆረጥ እንኳ ዕድሜው በቀለበት አይቆጠርም፤ ከሽንኩርትና ከሣር ወገን ስለሆነ ግንዱ ዓመታዊ ቀለበት አይሠራም። የቅርብ ዘመዱ በኢትዮጵያም አለ፤ በትግራይና በአፋር ድንበር በሚገኘው የደስዓ ደን ይበቅላል።

ጎብኚውን የሚያስደንቁት ሌሎች ዕፅዋትም አሉ። ዱባና ቅል በሌላው ዓለም መሬት ላይ ይሳባሉ፣ አለዚያም አጥር ላይ ይንጠላጠላሉ፤ በሶኮትራ ግን ከዚያው ቤተሰብ የሆነ አንድ ተክል ወፍራም ግንድ አብጅቶ ዛፍ ሆኗል። በዓለም ላይ ዛፍ የሆነ የዱባ ዘመድ እሱ ብቻ ነው። የበረሃው ጽጌረዳ ያበጠ ግንዱን ከገደል ጋር አጣብቆ ሮዝ አበባውን ያወጣል። በየቤቱ የሚበላው ሮማን በዓለም ላይ ያለው አንድ የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው፤ እሱም እዚህ ይበቅላል። የእጣን ዛፎችና እሬቶችም ሞልተዋል። የደሴቲቱ ስም በጥንቱ ንግድ የታወቀውም በነዚህ ነው።

አንበሳ ወይም ጅብ የሚጠብቅ ሰው አያገኝም፤ ከሌሊት ወፍና ከጥቃቅን እንስሳት በቀር ትልልቆቹን አጥቢዎች ወደ ደሴቲቱ ያመጣቸው ሰው ነው። በምትኩ በሌላ አገር የማትታይ እስስት ከዛፍ ዛፍ በእርጋታ ስትሄድ ትታያለች። ሰማያዊ እግር ያለው ትልቅ ሸረሪትም በድንጋይ ሥር ይኖራል። የጎብኚው የዘወትር ጓደኛ ግን ነጭ ላባና ቢጫ ፊት ያለው ጥንብ አንሳ ነው። ምግብ በቀረበ ቁጥር ጥቂት እርምጃ ርቆ ይቆማል፤ ሰው ሲነሣ የተረፈውን ይለቅማል። በአውሮፓ የሚፈለፈሉት ዘመዶቹ ብርዱን ሽሽት ወደ አፋር ሜዳ ይመጣሉ፤ የሶኮትራዎቹ ግን ዓመቱን ሙሉ ከደሴቲቱ አይወጡም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልብ የሚቀርበው ቦታ በሰሜናዊው ጠረፍ ላይ የተከፈተው የሆቅ ዋሻ ነው። የቤልጂየም ዋሻ አሳሾች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጨለማው ዘልቀው ሲገቡ የጥንት መርከበኞች የተዉትን ጽሑፍ አገኙ። አብዛኛው በህንድ ብራህሚ ፊደል ነው፤ ከአጠገቡ ግን የደቡብ ዐረብ፣ የግሪክና የአክሱም ዘመን የኢትዮጵያ ጽሑፎች አሉ። የሶርያዋ የፓልሚራ ከተማ ሰው ትቶት የሄደ የእንጨት ጽላት እ.ኤ.አ. የ258 ዓ.ም. ቀን ተጽፎበታል። የአክሱም ሰዎች ከህንድና ከሶርያ ሰዎች ጋር በአንድ ዋሻ ስማቸውን መተዋቸው በሶኮትራ ዙሪያ ያለው ባሕር ያኔ ምን ያህል የተጨናነቀ ጎዳና እንደነበር ከማናቸውም ካርታ አብልጦ ያሳያል። የነዋሪዎቹ ቋንቋ ሶቆትሪም ሴማዊ ነው፤ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር ከሩቅ ይዛመዳል።

ደሴቲቱን ለማየት የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ኃይለኛው የሞንሱን ንፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል፤ በድሮ ጊዜ በነዚያ ወራት መርከብ ስለማይደፍር ነዋሪው ያለ እንግዳ ይከርም ነበር። ትልልቅ ሆቴሎች ስለሌሉ ብዙ ጎብኚዎች በድንኳን ያድራሉ።

ስለ ውበቷ የሚወራውን ያህል ስለ ሥጋቷም መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ቻፓላና ሜግ የተባሉት አውሎ ነፋሶች በአንድ ሳምንት ልዩነት ደሴቲቱን መትተው ለዘመናት የቆሙ ዛፎችን ከሥራቸው ነቀሉ። የወደቁትን የሚተካ ወጣት ዛፍ ደግሞ እምብዛም አይታይም፤ ቡቃያው ከመሬት ብቅ ሲል ፍየል ይግጠዋል፤ ጉሙም እንደ ድሮው አይጠናም። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የደሴቲቱ ቤተሰቦች ቡቃያዎችን በችግኝ ጣቢያ አጥረው ያሳድጋሉ። ችግኙ በዓመት የሚጨምረው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ፍየል ከማይደርስበት ቁመት እስኪደርስ ድረስ አጥሩ ለአሥርተ ዓመታት መጠገን ይኖርበታል።